ከውስጥ የሚወጣ ልባስ

በሥራ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ፓንቾች ተደርድረዋል። ሦስቱም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ብረት ነው፤ ጀርመኖች 1.2379፣ አሜሪካኖች ዲ2፣ ጃፓኖች ኤስኬዲ11 ከሚሉት፣ 1.5 በመቶ ካርቦንና 12 በመቶ ያህል ክሮምየም ካለው የመሣሪያ ብረት። ሦስቱም ላሜራ ሲበሱ ኖረው ተጥለዋል። የተጣሉበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው፤ ምልልሱም የተነሣው ከዚያ ነው።

ወርክሾፑ ቃሊቲ አካባቢ ነው። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን በፓንችና ፓንቹ የሚገባበት ቀዳዳ ባለው ዳይ ሥራ ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። የጠሯት እንግዳ ብረት በሙቀት በማጠንከር ሥራ የሠለጠነች መሐንዲስ ናት። አጠገባቸው የአዛውንቱ ረዳት የሆነ ወጣት ቆሟል።

«ልጄ፣ ካርባይድ የሚያለብሱበት ዘዴ አለ ሲሉ ሰማሁ» አሉ አዛውንቱ። «ያ የለበሰ ፓንች የአሥሩን ዕድሜ ይኖራል አሉኝ። እውነት ከሆነ ሦስቱንም ውጭ አገር ልኬ አስለብሳለሁ። ገንዘቡን እችለዋለሁ፤ ያልቻልኩት በየጊዜው ፕሬስ አቁሜ ፓንች መሳሉን ነው።»

መሐንዲሷ ወዲያው አልመለሰችም። የመጀመሪያውን ፓንች አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«ጋሼ፣ ይህኛው ምን ሲበሳ ነበር?»

«የቤት ክዳን ላሜራ። ዚንክ የተነከረውን።»

«ጎኑን በጥፍርዎ ይዳብሱልኝ። ያ የሚሻክርዎት ብርማ ነገር የፓንቹ ብረት አይደለም፤ ከላሜራው የተላጠ ዚንክ ነው። ፓንቹ በገባ በወጣ ቁጥር ዚንኩ እየተጣበቀ ይከማቻል፤ የተከማቸው ሲላቀቅ ደግሞ ከፓንቹ ገላ ይዞ ይሄዳል። ቀዳዳው የሚሻክረው፣ ጠርዙም የሚጎተተው ለዚህ ነው።»

ሁለተኛውን አነሣች። የጠርዙ አንድ ወገን ተሸርፏል፤ ሌላው ወገን ግን አዲስ ይመስላል። ሦስተኛው አልተሸረፈም፣ የተጣበቀበትም ነገር የለም፤ ጠርዙ ግን ተደፍጥጦ ወደ ጎን ወጥቷል።

«ልባስ የሚረዳው የመጀመሪያውን ብቻ ነው» አለች። «የቀሩትን ሁለቱን ቢያስለብሱ ገንዘብዎን መጣል ነው የሚሆነው።»

አዛውንቱ ቅር ተሰኙ። «ሦስቱም እኮ አንድ ብረት ናቸው። የጠነከረ ነገር ከለበሱ ሦስቱም ይጠነክራሉ እንጂ!»

ብዙ ሰው ስለ ካርባይድ ልባስ ሲሰማ የሚያስበው እንደ እርሳቸው ነው። ቅብ ይመስለዋል፤ ጠንካራ ነገር ደካማውን ሸፍኖ የሚያድነው። መሐንዲሷ ይህን አስተሳሰብ ለመለወጥ የመረጠችው መንገድ ረጅም ነበር። መጀመሪያ ወደ ቁጥሮቹ ገባች።

«ጥንካሬ የሚለካበት አንዱ መንገድ ቪከርስ ነው፤ የአልማዝ ሹል በታወቀ ኃይል ተጭኖ የሚተወውን ጉድጓድ እንለካለን። በደንብ የጠነከረ ዲ2 ሮክዌል በሚባለው ሌላ መለኪያ 60 ይሆናል፤ ይህ በቪከርስ 700 ያህል ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን ከ1,000 ያልፋል።»

«ታዲያ ማረሻ የሚበላው በዚያ ነዋ!»

«በዚያ ነው። ገበሬው ማረሻውን ወደ ቀጥቃጭ የሚመልሰው አፈሩ ውስጥ ከብረቱ የሚበልጥ ጠንካራ ቅንጣት ስላለ ነው። አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ለፒስተን ዘንግ የምናለብሰው ጠንካራ ክሮም ወደ 1,000 ይጠጋል። በዲ2 ውስጥ በተፈጥሮው ተበትኖ ያለው የክሮምየም ካርባይድ ከ1,500 በላይ ነው። ቫናዲየም ካርባይድ በልባስ መልክ ሲሠራ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ቲታኒየም ካርባይድም እዚያው አካባቢ ነው።»

አርቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ሥራ፣ ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ የሚበላው መጠን ከጫናውና ከተጓዙት ርቀት ጋር እንደሚጨምር፣ የሚበላው አካል በጠነከረ መጠን ደግሞ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ቀመር አስቀምጧል። በዚህ ቀመር ብቻ ብንሄድ አራት እጥፍ የጠነከረ ፊት በአራት እጥፍ ያነሰ ይበላል ማለት ነው። የዚንኩ ፓንች ግን ሌላም ጥቅም ያገኛል። ዚንክና ብረት፣ አሉሚኒየምና ብረት፣ ዝገት የማይነካው ላሜራና ብረት በጫና ሲገናኙ ሳይግሉ ይበየዳሉ። ካርባይድ በጠባዩ ወደ ሴራሚክ የሚያደላ ስለሆነ ከእነዚህ ብረቶች ጋር እንዲህ በቀላሉ አይያያዝም። ለመጀመሪያው ፓንች ትልቁ መድኃኒት ይህ አለመያያዝ ነው፤ የ3,000ው ቁጥር ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

«እሺ» አሉ አዛውንቱ፤ «እንደ ክሮሙ ገንዳ ውስጥ በመብራት ነው የሚለጥፉት?»

«አይደለም ጋሼ፤ ለውጡ ያለውም እዚያ ላይ ነው። ክሮም ከውጭ መጥቶ ይቀመጣል። እኔ የምነግርዎት ልባስ ግን ግማሹ የሚመጣው ከራሱ ከፓንቹ ነው።»

ታሪኩ ጃፓን ያደርሳል። የቶዮታ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1960 በጋራ አንድ የምርምር ማዕከል አቋቋሙ፤ ቶዮታ ማዕከላዊ የምርምርና ልማት ላቦራቶሪ ይባላል። በዚያ የሚሠራው ቶሩ አራይ ከባልደረቦቹ ጋር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቀለጠ ቦራክስ ውስጥ የመሣሪያ ብረትን ካርባይድ የማልበስ ዘዴ አዳበረ። የቶዮታ ዲፊውዥን፣ በአጭሩ ቲዲ፣ የሚባለው ይኸው ነው። የመኪና አካል የሚጨምቁ ዳዮች ከላሜራው ጋር እየተያያዙ ሥራ በሚያስቆሙበት ኢንዱስትሪ ውስጥ መወለዱ የሚያስደንቅ አይደለም።

«ቦራክስን እርስዎ ያውቁታል» አለች መሐንዲሷ።

«በናስ ስንበይድ የምንነሰንሰው ነዋ! አንጥረኞችም ይይዙታል።»

«ለምን ይነሰንሱታል?»

«ዝገቱን ይበላዋል። ብረቱ ካልጠራ ናሱ አይዝም።»

«እዚህም አንዱ ሥራው ያው ነው። ውኃው የወጣለት ቦራክስ በ743 ዲግሪ ሴልሲየስ ይቀልጣል። እስከ 1,000 ዲግሪ አካባቢ ሲያግሉት እንደ ሽሮፕ የሚፈስ ፈሳሽ ይሆንና የገባበትን ብረት ፊት ያጠራል። እዚያ ውስጥ የፌሮቫናዲየም ዱቄት ይጨመራል፤ ወይም የቫናዲየም ኦክሳይድ ከቦሮን ካርባይድ ጋር። ቫናዲየሙ በቦራክሱ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ፓንቹን በሽቦ አንጠልጥሎ ማጥለቅ ነው። መብራት የለም፣ ቫኩም የለም፤ ሙቀትን የሚችል የብረት ድስትና እቶን ይበቃል።»

ወጣቱ እስካሁን ዝም ብሎ ነበር። «ኢንጂነር፣ ቦራክስ ውስጥ ቦሮን አለ አይደል? ለምን ቦሮኑ ቀድሞ ብረቱ ውስጥ አይገባም?»

መሐንዲሷ በጥያቄው መደሰቷ ታወቀ። «እሱ ነው ቁልፉ። ድስቱ ውስጥ የምትጨምረው ነገር ኦክስጅንን ከቦሮን የበለጠ የሚወድ ከሆነ፣ ለምሳሌ አሉሚኒየም ከሆነ፣ ከቦራክሱ ላይ ኦክስጅኑን ይነጥቃል። ቦሮኑ ነጻ ይወጣና ብረቱ ውስጥ ገብቶ ቦራይድ ይሠራል። ቫናዲየም፣ ኒዮቢየምና ክሮምየም ግን ኦክስጅንን ከቦሮን ያነሰ ነው የሚፈልጉት። ቦሮኑን አይነኩትም፤ ሟሙተው ይቆያሉ። የሚፈልጉት ካርቦንን ነው።»

«ካርቦኑስ ከየት ይመጣል? ቦራክሱ ውስጥ አልጨመርሽም» አሉ አዛውንቱ።

«ከፓንቹ ነዋ፣ ጋሼ!»

ከዘዴው ሁሉ ውብ የሆነው ክፍል ይህ ነው፤ ጥቂት ልንቆይበትም ይገባል። በ1,000 ዲግሪ ሙቀት በብረት ውስጥ ያለ የካርቦን አቶም አንድ ቦታ አይረጋም፤ በብረት አቶሞች መካከል እየዘለለ ይጓዛል። ከሰል ውስጥ አፍነው ብረት የሚያጠነክሩ ሰዎች በዚሁ ጉዞ ይጠቀማሉ፤ እነርሱ ዘንድ ካርቦን ከከሰሉ ወደ ብረቱ ይገባል። በቦራክሱ ድስት ጉዞው ተገልብጧል። ከብረቱ ሆድ የተነሣ ካርቦን ወደ ፊቱ ሲደርስ የሚጠብቀው ቫናዲየም ያገኘዋል፤ ሁለቱ ተያይዘው ካርባይድ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ካርቦን የተሠራውን ስስ ካርባይድ ሰንጥቆ ማለፍ አለበት። ማለፍ የሚችለውም ቫናዲየም ካርባይድ ሙሉ ስላልሆነ ነው፤ ካርቦን ሊቀመጥባቸው ከሚገቡ ቦታዎች ጥቂቶቹ ባዶ ናቸው፤ አቶሞቹ ከባዶ ወደ ባዶ እየተሻገሩ ይወጣሉ። ልባሱ እያደገ የሚሄደው ወደ ውጭ ነው፤ እግሩ ግን ብረቱ ላይ በቅሏል። ከክሮም ይልቅ ጠንክሮ የሚይዘውም ስለዚህ ነው።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አዛውንቱ የጠየቁት የሰዓት ዋጋ በሚያውቅ ሰው ድምፅ ነው።

«እንደ ብረቱና እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ አሥር ሰዓት። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን እንደሚጠጋ ያስቡ። ደግሞም ሰዓቱን እጥፍ ቢያደርጉት ውፍረቱ እጥፍ አይሆንም፤ 1.4 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚያድገው። እጥፍ ውፍረት ከፈለጉ አራት እጥፍ ሰዓት ይከፍላሉ፤ ካርቦኑ የሚሻገረው ግድግዳ እየወፈረ ስለሚሄድ።»

ቀጥሎ እርሳስ ጠየቀች፤ ወጣቱ ከጆሮው ላይ አውርዶ ሰጣት። ካርቶን ላይ ሒሳብ ሠራች። ቫናዲየም ካርባይድ በክብደቱ ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ ካርቦን ይይዛል፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ 5.6 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ በውስጡ ከአንድ ግራም በላይ ካርቦን አለ ማለት ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ዲ2 ውስጥ ያለው ካርቦን ግን 0.12 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 10 ማይክሮን ልባስ ለመሥራት 90 ማይክሮን ያህል የሆነ የዲ2 ንብርብር ውስጥ ያለው ካርቦን በሙሉ ይፈለጋል።

«ከፊቱ ላይ ብቻ ቢወስድ ፓንቹን ያራቁተው ነበር» አለች። «ደግነቱ ካርቦኑ ከጥልቁ እየተነሣ ስለሚተካ ዕዳው ለብዙ ገላ ይከፋፈላል። ቢላ የመሰለ ስስ ጠርዝ ላይ ግን የሚተካ ጥልቅ የለም፤ ከሁለት ወገን ይሳብበታል። በጣም የሾለ ጠርዝ ያለው መሣሪያ በዚህ ዘዴ አይመከርም። ካርቦኑ ከ0.3 በመቶ በታች የሆነ ብረትም እንዲሁ፤ የሚሰጠው የለውም።»

«ስለዚህ ከተራ ብረት ሠርቼ ላስለብሰው ብል...»

«ልባሱ ራሱ አይበቅልም።»

አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ ካርቶኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ርካሽ ብረት ገዝቶ በልባስ ማዳን የሚለው ሐሳብ በብዙ ወርክሾፕ ይሰማል፤ ነገሩ እዚህ ላይ በኬሚስትሪ ተዘግቷል። በጥንካሬም ተዘግቷል። ሦስተኛውን ፓንች መሐንዲሷ ሞረድ እንዲነካው ጠየቀች። ወጣቱ ሞርሳ ላይ አስሮ ሞረዱን ገፋ፤ ሞረዱ ያዘ፤ የብረት ብናኝ ወረደ።

«በሮክዌል 60 የሆነ ዲ2 ላይ ሞረድ ይንሸራተታል» አለች። «ይህ አልጠነከረም። ወይ እቶኑ 1,000 ዲግሪ ሳይደርስ ወጥቷል፣ ወይ እዚያ ሙቀት ላይ በቂ ጊዜ አልቆየም፣ ወይ መልሶ ሲሞቅ አልፎበታል። ጠርዙ የተደፈጠጠው በዚህ ነው። አሁን በዚህ ላይ 10 ማይክሮን ካርባይድ ብናለብስ በስፖንጅ ፍራሽ ላይ መስተዋት ማንጠፍ ነው። ሲረግጡት ፍራሹ ይጎደጉዳል፣ መስተዋቱ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ካርባይድ ፍርፋሪ ደግሞ የቀረውን ፊት ይሞርደዋል።»

«ታዲያ የምታወጡት ከ1,000 ዲግሪ ድስት አይደለም እንዴ? ሲወጣ ዘይት ብትነክሪው ይጠነክር የለ?»

መሐንዲሷ ሣቀች። «ጋሼ፣ አሁን እንደ አራይ ማሰብ ጀመሩ።»

እውነትም የቲዲ ዘዴ ለዲ2ና ለመሰል ብረቶች የተመቸው በዚህ ነው። ዲ2 የሚጠነክርበት ሙቀት ከ1,010 እስከ 1,040 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ትኩስ ብረት ለሚጨምቁ ዳዮች የሚመረጠው ኤች13ም በዚያው ክልል ይጠነክራል። ስለዚህ ከቦራክሱ የወጣው መሣሪያ በቀጥታ ዘይት ወይም የቀለጠ ጨው ውስጥ ይነከራል፤ አንዳንዴም በአየር ይቀዘቅዛል፤ ልባሱና ማጠንከሩ በአንድ ሙቀት ያልቃሉ። የተጣበቀው ቦራክስ በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ ከዚያ ቴምፐር ይደረጋል፣ ማለትም ዝቅ ባለ ሙቀት መልሶ ይሞቃል። ለሃይስፒድ ብረት ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም፤ የሚጠነክረው 1,200 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከልባሱ በኋላ አየር በሌለበት እቶን ሁለተኛ መሞቅ ይኖርበታል። ቫናዲየም ካርባይድ በአየር ውስጥ ከ500 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ኦክሳይድ ይሆናልና።

ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ሌላ መልካም ነገር አለ። ብረቱ ከካርባይዱ ይበልጥ ይኮማተራል። ስለዚህ ልባሱ ከቤት ሙቀት ሲደርስ ከዳር እስከ ዳር ተጨምቆ ይቀራል። ሴራሚክ መሰል ነገር ሲለጠጥ ይሰነጠቃል፣ ሲጨመቅ ግን ይችላል፤ ስለዚህ መጨመቁ ይጠቅመዋል።

«መጥፎውንም ንገሪኝ» አሉ አዛውንቱ። «እስካሁን የነገርሽኝ ጥሩው ነው።»

«መጥፎው መጠን ነው። ብረት ሲጠነክር የውስጥ አሠራሩ ስለሚለወጥ ያድጋል፤ አንዳንዴ ይጣመማል። 0.05 በመቶ ቢያድግ እንኳ፣ ስፋቱ 100 ሚሊሜትር የሆነ ዳይ 50 ማይክሮን ይለወጣል። የእርስዎ የክዳን ላሜራ ስንት ነው?»

«0.4 ሚሊሜትር።»

«በፓንቹና በዳዩ መካከል በአንድ ጎን ስንት ይተዋሉ?»

«ከላሜራው ውፍረት ከ5 እስከ 10 በመቶ።»

«ይህ ከ20 እስከ 40 ማይክሮን ነው። ዳዩ 50 ማይክሮን ከተለወጠ ይህ ክፍተት ሊጠፋ ይችላል። በዚያ ላይ ልባሱ ራሱ ቦታ ይይዛል፤ ፓንቹ 8፣ ዳዩ 8 ቢለብሱ በአንድ ጎን 16 ማይክሮን ሄደ። አልማዝ በሌለበት ደግሞ ካርባይዱን ግራይንድ አድርጌ አስተካክላለሁ ማለት ከንቱ ነው።»

ሙያው የሚፈተነው እዚህ ነው። ልባሱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ከድስቱ በፊት የተሠራው ነው። በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚቆርጠው ዋየር ከት ማሽን በቆረጠው ፊት ላይ ቀልጦ የረጋ ስስ ነጭ ንብርብር ይተዋል፤ እርሱ ተጠርጎ ካልወጣ ልባሱ ከነሥሩ ይላጣል። ብረቱ ቀደም ሲል ባልተዘጋ እቶን ጠንክሮ ከሆነ ፊቱ ላይ ያለው ካርቦን ተቃጥሏል፤ ቫናዲየሙ የሚያገኘው የለም፣ ልባሱም ስስ ይሆናል። የግራይንደር ጭረት ካለም ካርባይዱ ጭረቱን እንዳለ ይዞ ይበቅላል፤ ላሜራው የሚንሸራተተው በዚያው ጭረት ላይ ይሆናል። ፊቱ ተወልውሎ መስተዋት መምሰል ያለበት ከመላኩ በፊት ነው።

ወጣቱ ከመሳቢያው ወርቃማ ቀለም ያለው ፑንታ አወጣ። «ይህስ ኢንጂነር? ይህም በቦራክስ ነው?»

«ይህ ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ፒቪዲ ይባላል። ወርቃማው ቀለም የቲታኒየም ናይትራይድ ነው። አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ የተነነ ቲታኒየም በኤሌክትሪክ እየተገፋ ብረቱ ላይ ይቀመጣል፤ ውፍረቱ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን፣ ሙቀቱም ከ500 ዲግሪ አይበልጥም። ስለዚህ መጠን አይለውጥም፤ ለፑንታ፣ ለጥርስ መቁረጫ፣ ለቀጭን ሥራ ግሩም ነው። ካርቦንም የሚጨምሩበት አለ። ነገር ግን ቀለሙ ብቻውን ምስክር አይሆንህም፤ ከሥሩ ያለው ብረት ደካማ ከሆነ ወርቃማ ሆኖ ይደፈጠጣል።»

ወደ አዛውንቱ ዞረች። «እዚህም ጥንቃቄ አለው። ዲ2ን በ200 ዲግሪ ቴምፐር አድርገው ወደ 450 ዲግሪ የፒቪዲ ክፍል ቢልኩት፣ ክፍሉ ውስጥ ይለሰልሳል። በ500 እና ከዚያ በላይ ቴምፐር የተደረገ መሆን አለበት። ላኪው ካልተናገረ አልባሹ አያውቅም።»

ሦስተኛው ቤተሰብ ከሁለቱም ቀድሞ የመጣ ነው። ሜታልጌዘልሻፍት የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1950ዎቹ ብረትን ቲታኒየም ካርባይድ በጋዝ ለማልበስ ሠርቷል። የቲታኒየም ክሎራይድ ትነት፣ ሚቴንና ሃይድሮጅን 1,000 ዲግሪ አካባቢ በጋለው ብረት ላይ ሲያልፉ ካርባይዱ ይረጋል፤ የሚተርፈው የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ነው። የስዊድኑ ሳንድቪክ በ1969 ይህንኑ ካርባይድ በቶርኖ መቁረጫ ጫፎች ላይ አልብሶ ገበያ አወጣ፤ የብረት ቆረጣ ፍጥነትም ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። ይህን አሲዳማ ጋዝ ይዞ ማስወገድ ግን ለትንሽ ድርጅት የሚቀል ሥራ አይደለም። በቦራክስ ድስትና በዚህ መካከል ያለው የመሣሪያ ዋጋ ልዩነት ሰፊ ነው። የቦራክሱ ዘዴ ለታዳጊ ኢንዱስትሪ አገሮች በቁም ነገር ሊታሰብ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚጠይቀው ድስት፣ እቶን፣ ቴርሞኮፕልና ሥርዓት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ሥርዓቱ ነው።

የቫናዲየም ካርባይድ ልባስ ፓንችና ዳይ ላይ ብቻ አልቀረም። ዛሬ በብዙ መኪና ሞተር ውስጥ ያለው የታይሚንግ ሰንሰለት ፒኖቹ እንዲህ ዓይነት ካርባይድ የለበሱ ናቸው። ዘይቱ ጥቀርሻ ሲይዝ ያልለበሰ ፒን እየተበላ ሰንሰለቱን ያረዝመዋል፤ የለበሰው ይቋቋማል።

አዛውንቱ ሁለተኛውን፣ የተሸረፈውን ፓንች አነሡ። «ይህኛውስ? ጥንካሬው ደህና ነው፤ ሞረድ አይዘውም።»

«የተሸረፈው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ አይተውታል?»

ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ወደ ፕሬሱ ሄዱና ወጣቱን ጠርተው የፕሬሱን መሪ ዘንጎች አስፈተሹ። በአንደኛው ጎን ያለው ቡሽ ተበልቶ ከላይ ያለው ክፍል ሲወርድ ወደ ግራ ይገፋ ነበር። ፓንቹ የዳዩን አፍ እየነካ ነበር የሚገባው። ካርባይድ ጠንካራ ነው እንጂ ምት አይችልም፤ እንዲህ ያለውን ፓንች ማስለበስ ሽርፈቱን ያፋጥነዋል። መድኃኒቱ ቡሹን መቀየር ነው። ከዚያም በኋላ የሚሸረፍ ከሆነ ከዲ2 ይልቅ ምት የሚችል፣ ካርቦኑ 0.5 በመቶ ያህል የሆነውን ኤስ7ን የመሰለ ብረት መምረጥ ይሻላል።

«ሁለቱን አወጣሽብኝ» አሉ አዛውንቱ ተመልሰው ሲቀመጡ። «የዚንኩ ቀረ። እርሱን እንዴት ላድርገው? ክፍተቱ ጠበበ ብለሽ አስፈራርተሽኛል።»

«የፈራሁልዎት ለዳዩ ነው። የፓንቹ ዲያሜትር ስንት ነው?»

«10 ሚሊሜትር።»

«0.05 በመቶ ቢያድግ 5 ማይክሮን ነው። ትንሽ ነገር ሲያድግ ትንሽ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ፓንቹን ብቻ ያስለብሱ፤ ዳዩ እንዳለ ይቆይ። ዚንኩ ከፓንቹ ጎን ጋር ነው የሚፋተገው፤ ሲገባም ሲወጣም። ደግሞ አንድ ጥቅም አለው፤ ሲደነዝዝ የሚስሉት የፓንቹን ፊት አይደል?»

«ፊቱን ብቻ፣ ከላይ ጥቂት ላጥ አድርጌ።»

«ፊቱ ላይ ያለው ልባስ በመጀመሪያው ስለት ይሄዳል፤ ይሂድ። የጎኑ ይቆያል፤ የሚሠራውም የጎኑ ነው። ስንት እጥፍ ይኖራል የሚሉኝን ግን ቁጥር አልሰጥዎትም። የሚቀባው ዘይት፣ የላሜራው ዓይነት፣ የፕሬሱ ፍጥነት ሁሉ ይለውጠዋል። በመጀመሪያው የለበሰ ፓንች ስንት ቀዳዳ እንደተበሳ ይቁጠሩና ካልለበሰው ጋር ያወዳድሩ። የእርስዎ ቁጥር ከማንም ብሮሹር ይበልጣል።»

አዛውንቱ ካርቶኑን አገላብጠው ባዶ ቦታ ፈለጉ። ልባሱ በአንድ ጎን 8 ማይክሮን ከሆነ በዲያሜትሩ 16 ይጨምራል፤ ብረቱ ራሱ ሊያድግ የሚችለው 5፤ በጠቅላላው 21።

«አዲሱን ፓንች 20 ማይክሮን አሳንሰህ ትሠራዋለህ» አሉት ወጣቱን፤ «ከዚያ ትወለውለዋለህ። በዋየር ከት አይደለም፤ በቶርኖና በግራይንደር።»

«ከዚያ በፊት» አለች መሐንዲሷ፣ «እዚሁ አንድ ጊዜ ይጠንክር፤ ፊቱ እንዳይቃጠል አፍናችሁ፣ ሙቀቱን በቴርሞኮፕል እያያችሁ። ቴምፐር ይደረግና ይለካ። ያን ጊዜ 5 ያልኩት 5 መሆኑን ወይም 8 መሆኑን ትለያላችሁ። ግራይንድ የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ከፓንቹ ጋር በሚሄደው ወረቀት ላይም የብረቱን ዓይነት፣ የተጠነከረበትንና ቴምፐር የተደረገበትን ዲግሪ፣ የምትፈልጉትን ዲያሜትርና የልባሱን ውፍረት ጻፉ።»

«ሦስተኛውንም አብረን እንደገና እናጠንክረው?» ወጣቱ ጠየቀ።

«ጠርዙን ካስተካከልክ በኋላ» አለችው። «ግን መጀመሪያ አለስልሰው፤ ከዚህ በፊት እንዴት እንደሞቀ አናውቅም፤ እንደገና በቀጥታ ከተጠነከረ ሊሰነጠቅብህ ይችላል።»